ራሽን ዋስ የሆነበት ገበያ

ባንክ ለተበዳሪ የሚያቀርበው ጥያቄ በየትም አገር አንድ ነው፤ «ዋስትናህ ምንድን ነው?» ቤት ያለው የቤቱን ካርታ፣ መኪና ያለው ሊብሬውን ይዞ ይቀርባል። በሰሜን ምዕራብ ኬንያ፣ በቱርካና በሚገኘው የካኩማ የስደተኞች ካምፕ ግን ነዋሪው የሚያስይዘው መሬት የለውም፤ የሚኖርበት ጎጆም በስሙ የተመዘገበ አይደለም። በዚያ ለዓመታት ዋስትና ሆኖ የኖረው በየወሩ ይመጣል ተብሎ የሚጠበቀው የእርዳታ እህል ነው። በዚህ ዋስትና ላይ የቆመው ገበያ ደግሞ የዋዛ አይደለም።

ካምፑ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ብዙዎቹ የሱዳንን የእርስ በርስ ጦርነት ሸሽተው ያለ ወላጅ የተጓዙ ልጆች ነበሩ። እነዚህ ልጆች ቀደም ሲል ኢትዮጵያ ውስጥ ኢታንግንና ፒኝዶን በመሳሰሉ ካምፖች ተጠልለው የቆዩ ሲሆን፣ በ1991 የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ወደ ሱዳን ተመልሰው፣ ከዚያ ወደ ኬንያ ተሻግረዋል። በዚያው ሰሞን በመንግሥት ለውጡ ምክንያት አገራቸውን የለቀቁ ኢትዮጵያውያንና ከሶማሊያ ጦርነት ያመለጡ ቤተሰቦችም ተከተሉ። ለጊዜው ተብሎ የተተከለው ካምፕ ሠላሳ ዓመት አለፈው፤ ከጎኑ በ2016 ከተከፈተው የካሎበዬ ሰፈር ጋር ሲደመር ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ይኖርበታል።

በገበያው ውስጥ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ቡና ቤቶች፣ የሶማሌዎች የሸቀጥና የጨርቅ መደብሮች፣ ወፍጮ ቤቶች፣ ፀጉር ቤቶችና የስልክ ጥገና ሱቆች በየረድፋቸው ተደርድረዋል። የመንግሥት መብራት ባልደረሰበት ዘመን ጄኔሬተር የገዛ ነጋዴ ለጎረቤቱ ሽቦ ዘርግቶ በወር ክፍያ መብራት ይሸጥ ነበር።

ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን በ2018 ያወጣው ጥናት በካምፑና በአጎራባቹ ከተማ ያለውን የቤተሰብ ፍጆታ በዓመት 56 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገምቶታል። በካምፑ ውስጥም ከ2 ሺህ በላይ ንግዶች እንዳሉ ቆጥሯል። ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ የወጣ የዓለም ባንክ ጥናት በበኩሉ የስደተኞቹ መኖር የቱርካናን ጠቅላላ ምርት ከ3 በመቶ በላይ እንዳሳደገው አመልክቷል። «ስደተኛ ሸክም ነው» ለሚለው አባባል ይህ አኃዝ በቂ መልስ ይመስላል።

እህሉ ለምን ይሸጣል?

የካኩማን ገበያ የሚያውቅ ሰው የወሩን ቀን በዋጋ ሊቆጥር ይችላል። ራሽን በታደለ ማግስት የእርዳታው እህል ወደ ገበያ ይወጣል፤ ዋጋውም ይወርዳል። የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ ጎተራው ይጎድላል፤ ዋጋውም ይወጣል። ስደተኛው በርካሽ ሸጦ በውድ ይገዛል ማለት ነው።

ይህን ያየ እንግዳ «ቢተርፈው ነው የሚሸጠው» ይላል። ጉዳዩ ግን ሌላ ነው። ራሽኑ ማሽላ ወይም በቆሎ፣ ባቄላና ዘይት ቢሰጥ ለወፍጮ፣ ለስኳር፣ ለሻይ፣ ለአትክልትና ለልጅ ደብተር የሚሆን ሳንቲም አይሰጥም። በኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ የሰው ልጅ ጥናት ምሁር የሆኑት ራሁል ኦካ በካኩማ ባደረጉት ጥናት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አግኝተዋል፤ እርሱም ክብር ነው። ለእንግዳ ሻይ ማቅረብ የቻለ ሰው ራሱን ተመጽዋች ብቻ አድርጎ አያይም። ቤት የመጣን እንግዳ ቡና ሳያጠጡ መሸኘት ነውር በሆነበት አገር ያደገ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

የዱቤው ሰንሰለት

ራሽኑ ወሩን ስለማያደርስ ቀሪዎቹን ቀናት የሚሸፍነው የባለሱቁ የዱቤ ደብተር ነው። ችርቻሮ ነጋዴው ለቤተሰቡ ዱቤ ይሰጣል፤ ለእርሱ ደግሞ ጅምላ አከፋፋዩ ያበድረዋል። ጅምላ አከፋፋዮቹ፣ ከመካከላቸውም ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎች ይገኙበታል፣ ዕቃውን ከኬንያ ከተሞች በጭነት መኪና ያስመጣሉ።

የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ2015 «ባምባ ቻኩላ» የተሰኘውን አሠራር ሲጀምር የእርዳታው አንድ ክፍል በእህል ፋንታ በሞባይል ስልክ የሚላክ ሒሳብ ሆነ። ስደተኛው በሒሳቡ ፈቃድ ካላቸው ሱቆች ምግብ ይገዛል። አሠራሩ ብዙ ስደተኞችን ነጋዴ አድርጓል። ዱቤው ግን አልቀረም፤ መያዣው ብቻ ተለወጠ። ተመራማሪዎች እንደመዘገቡት ባለሱቁ እስከሚከፈለው ድረስ የደንበኛውን ሲም ካርድ ወይም የባንክ ካርድ ይዞ ያቆያል። ካርዱን ያስያዘ ሰው ወደ ሌላ ሱቅ ሄዶ ዋጋ ማማረጥ አይችልም። ወለዱ በደብተር ላይ ባይጻፍም በዋጋው ውስጥ አለ።

ይህ ሲባል ባለሱቁ አራጣ አበዳሪ ነው ማለት አይደለም። ደንበኛው ወደ ሦስተኛ አገር ሄዶ ቢሰፍር፣ ወይም ሳይናገር ካምፑን ቢለቅ ዕዳው አብሮ ይሄዳል። ባንክ ያልደፈረውን አደጋ የተሸከመው እርሱ ነው።

ዕቁብ ምን ይችላል፣ ምን አይችልም?

ከዱቤው ጎን የቆመው ሌላው ምሰሶ መረዳዳት ነው። እኛ ዕቁብ የምንለውን ሶማሌዎች ሀግባድ ወይም አዩቶ ይሉታል። ሲሞት የሚቀብር፣ ሲታመም የሚያዋጣ፣ አዲስ መጤን የሚያስጠልል ማኅበርም በየብሔረሰቡ አለ።

የዕቁቡን አሠራር በምሳሌ እንየው። 12 ነጋዴዎች በየሳምንቱ 2 ሺህ የኬንያ ሽልንግ ይጥላሉ እንበል። የመጀመሪያው ዕጣ የደረሰው 24 ሺህ ሽልንግ ያለ ወለድ ተበደረ፤ በእርሱ ማቀዝቀዣ ይገዛል ወይም ሱቁን ይሞላል። የመጨረሻው ደግሞ 24 ሺህ ሽልንግ ቆጠበ። ቀድሞ የወሰደውን እስከ መጨረሻ የሚያስከፍለው ይሉኝታና ዳኛው ናቸው። ይሁን እንጂ በ12ቱ ኪስ ያለው ጠቅላላ ገንዘብ በአንድ ሽልንግ እንኳ አልጨመረም። ዕቁብ ያለውን ያዘዋውራል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። የአንዱ ቤት ሲጎድል ሌላው ይሞላል፤ የሁሉም ቤት በአንድ ቀን ሲጎድል ግን ከየት ይመጣል?

በ2025 የተከሰተው ይኸው ነው። የለጋሾች ገንዘብ በመቀነሱ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኬንያ ለስደተኞች የሚያድለውን ራሽን ከሙሉው መጠን ከሦስተኛ እጅ በታች አወረደ፤ የገንዘብ ድጎማውንም አቋረጠ። በዚያ ዓመት በካኩማ የተቃውሞ ሰልፎች ተካሂደዋል። በምጣኔ ሀብት ቋንቋ የሁሉም ተበዳሪ ዋስትና በአንድ ጊዜ ዋጋ አጣ። ደንበኛው ያለፈውን ዱቤ መክፈል ሲያቅተው ባለሱቁ አዲስ መስጠት ይፈራል፤ ጅምላ አከፋፋዩም እጁን ይሰበስባል። ጉዳቱ ካምፑ ላይ አይቆምም። እንጨትና ከሰል ተሸክመው መጥተው ዱቄት ይዘው የሚመለሱት የቱርካና ሴቶችም ገበያቸው ይቀዘቅዛል።

ሌላ ዋስትና

ታዲያ ሠላሳ ዓመት የነገደ ማኅበረሰብ ለምን የራሱ ጥሪት አልያዘም? ለረጅም ጊዜ ስደተኛው ያለ ፈቃድ ወረቀት ከካምፑ መውጣት አይችልም ነበር። የሥራ ፈቃድ ማግኘትም እጅግ አዳጋች ነበር፤ በእርዳታ ድርጅት የተቀጠረው እንኳ «ማበረታቻ» የተባለ፣ ከኬንያዊው ደመወዝ በብዙ ያነሰ ክፍያ ይወስዳል። ኬንያ በ2021 ያወጣችውና በ2022 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ስደተኛው እንዲሠራ በር ከፍቷል፤ ፈቃዱን በተግባር ማግኘት ግን ሌላ ሥራ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1110 ለስደተኞች የመሥራት መብት ሰጥቷል። በሶማሌ ክልል ዶሎ አዶ አካባቢ ከ2012 ጀምሮ የአይኬያ ፋውንዴሽን ባወጣው ገንዘብ ከገናሌ ወንዝ የመስኖ ቦይ ተጠልፎ፣ ስደተኛውና የአካባቢው ገበሬ ጎን ለጎን በማኅበር ያርሳሉ። ዕድሉ የደረሳቸው ከካምፖቹ ሕዝብ ጥቂቶቹ ናቸው። ሆኖም ሽንኩርቱን ለገበያ ለሚያቀርብ ገበሬ ዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ የሚያየው ማሳውን ነው፤ በሩቅ አገር ለጋሾች ምን እንደወሰኑ መጠየቅ አያስፈልገውም።