ያውቁ ኖሯል? በሁለት እንግዳ የሚሞቅ ቤት
ጀርመናዊው የፊዚክስ ባለሙያ ቮልፍጋንግ ፋይስት እ.ኤ.አ. በ1991 ቤተሰባቸውን ይዘው የገቡበት የዳርምሽታት ቤት፣ «ፓሲቭ ሀውስ» ለሚባለው የአሠራር ስልት ፈር ቀዳጅ ነው። ተያይዘው ከተሠሩ አራት ቤቶች አንዱ ነው። ምስጢሩ ማሞቂያው አይደለም፤ ግድግዳው፣ ጣሪያውና ወለሉ ሙቀት በማያሳልፍ ወፍራም ንብርብር ተሸፍነዋል፤ መስኮቶቹ ባለሦስት መስታወት ናቸው፤ የሚወጣው አየርም ሙቀቱን ለሚገባው አስረክቦ ነው የሚሄደው።

ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ 20 ካሬ ሜትር ሳሎን በብርቱ ብርድ ቀን የሚፈልገው 200 ዋት ገደማ ነው። ሁለት እንግዳ በቃ! (ቡና ከተፈላማ ትርፍ ነው።)

ቤትዎን ራስዎ የሚያሠሩ ከሆነ፣ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ልስን ሳይጀመር በበርና በመስኮት ዳር ያለውን ክፍተት ቆመው ያስደፍኑ።