ዕቁብና የወጣት ሠራተኞች የገንዘብ አያያዝ

ነጋዴ የንግዱን ገቢና ወጪ በመዝገብ እንዲይዝ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደንግጎ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የተተካውም ሕግ ይህንኑ ግዴታ አጽንቶታል። የኪስን ሒሳብ እንዲጽፍ ግን ማንንም የሚያስገድድ ሕግ ስለሌለ፥ ይህ ትምህርት የሚገኘው ከልማድ ነው። በገበያ ለሚውል ወጣት ሠራተኛ ደግሞ ከልማዶች ሁሉ የቀረበው ዕቁብ ነው።

ለምሳሌ ያህል፥ ሃያ ሰዎች በየእሑዱ 500 ብር ቢጥሉ ዕጣ ለወጣለት ሰው 10,000 ብር ይደርሰዋል፤ ዙሩም በ20 ሳምንት ይፈጸማል። ዳኛው ሥርዓቱን ያስከብራል፥ ጸሐፊው ይመዘግባል፥ ባለ ዕጣውም ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል።

ወጣቱ በቅድሚያ ሊረዳው የሚገባው ነገር፥ በዕጣ የወጣ ገንዘብ ትርፍ አለመሆኑን ነው። በመጀመሪያው እሑድ የወጣለት ሰው ከራሱ የጣለው 500 ብር ብቻ ስለሆነ፥ የቀረው 9,500 ብር ወለድ የሌለበት ብድር ነው፤ ይህንንም በሚቀጥሉት 19 ሳምንታት ይመልሳል። መጨረሻ የወጣለት ግን ለጓደኞቹ አበዳሪ ሆኖ ከርሟል። በዚህ መካከል በ10,000 ብር ይሸጥ የነበረው ዕቃ 10,500 ብር ቢገባ፥ የአንድ ሳምንት መዋጮው በዋጋ መናር ተበላ ማለት ነው። እንዲህም ሆኖ፥ በጥቂት በጥቂቱ ሊባክን ይችል የነበረው ገንዘብ ተጠራቅሞ ስለሚገኝ ጥቅሙ የሚናቅ አይደለም።

አደጋው የሚመጣው ዕጣው ቀድሞ ሲወጣ ነው። ወጣቱ 10,000 ብሩን እንደ ራሱ ሀብት ቆጥሮ ለልብስና ለግብዣ ቢያጠፋው፥ ጥቂት ቆይቶ የቤት ኪራይና መዋጮ በአንድነት ይደርሱበታል። መክፈል ባቃተው ጊዜ ዕቁቡ የሚይዘው ዋሱን ነው፤ ዋሱም አሠሪው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ዕዳ ከገንዘቡ ይልቅ በሁለቱ መካከል የነበረውን መተማመን ያፈርሳል፤ ወጣቱም ሥራውንና ሰፈሩን ጥሎ እስከ መሰወር ይደርሳል።

ስለዚህ አሠሪው ዋስ ከመሆኑ አስቀድሞ ከሠራተኛው ጋር ተቀምጦ ሦስት ነገሮችን በደብተር ቢያስጽፈው መልካም ነው፤ እነዚህም የወር ገቢው፥ የማይቀር ወጪውና ከዚያ የሚተርፈው ናቸው። በወር 3,000 ብር የሚተርፈው ሰው ለተባለው ዕቁብ 2,000 ወይም 2,500 ብር ጥሎ የቀረውን ለሕመምና ላልታሰበ ጉዳይ ያቆያል። 2,000 ብር ብቻ የሚተርፈው ግን አምስት እሑድ ባለው ወር ይጎድልበታልና ከአነስተኛ ዕቁብ ቢገባ ይሻለዋል። ዕጣው ሲወጣለትም የአራት ሳምንት መዋጮ፥ ማለት 2,000 ብር፥ ለይቶ በባንክ ቢያስቀምጥ በክፉ ቀን ዋሱን አያሳፍርም።

ትምህርቱ ለወጣት ብቻ አይደለም፤ ቤተሰብ ያፈሩትም በየሰፈሩ የዕድር ስብሰባ ቢወያዩበት ይጠቀማሉ። ይሁን እንጂ ጅምሩ በሱቅ ቢሆን ይቀላል፤ የዕቃ መዝገብ መያዝን ያስተማረ ነጋዴ የኪስንም ሒሳብ ለማስተማር የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።