ሴንትራል ላይን፦ ተረትና እውነታ

የካንሰር ታማሚ ደረቱ ላይ ቱቦ እንደተተከለለት ሲሰማ፣ ጠያቂው ዘመድ «እንግዲህ የመጨረሻው ነው» ብሎ ያንሾካሹካል። ሴንትራል ላይን የሚባለው ይህ ቱቦ ግን የተስፋ መቁረጥ ምልክት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚተከለው ወራት የሚፈጅ ኬሞቴራፒ ገና ሲታቀድ ነው። እንደ ዶክሶሩቢሲንና ቪንክሪስቲን ያሉ መድኃኒቶች ከክንድ ደም ስር ሾልከው ከወጡ ሥጋን ያቃጥላሉ፤ ከልብ በላይ ባለው ትልቅ ደም መልስ ግን ብዙ ደም ስለሚያልፍ ወዲያው ይቀጥናሉ።

«ቱቦው ልብ ይወጋል» የሚለው ፍርሃት መነሻ አለው፤ ጫፉ የሚያርፈው በእርግጥም ደም መልሱ ልብ ውስጥ ከሚገባበት አጠገብ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ቨርነር ፎርስማን በ1929 እ.ኤ.አ. ከዚህም አልፎ፣ በገዛ ክንዱ በኩል ቱቦ እስከ ልቡ ገፍቶ በእግሩ ሄዶ ራጅ ተነስቷል። በዚህም ሥራው በ1956 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ዛሬ የሚተከለው ቱቦ ለስላሳ ነው።

ገላ መታጠብስ? መልሱ እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ከቆዳ ሥር የሚቀበረው ፖርት ቁስሉ ከዳነና መርፌ ካልተሰካበት መታጠብን አይከለክልም። ጫፉ ውጭ የሚቀር ቱቦ ግን ውሃ በማያስገባ ነገር ተሸፍኖ ነው ሻወር የሚወሰደው፤ ገንዳም ወንዝም አይገባበትም። ጠበል የሚሄድ ሰውም ውሃው ቱቦው ላይ እንዳይወርድ ለአጥማቂው አስቀድሞ ቢነግር እምነቱን አላጎደለም።

ከሁሉም አደገኛው «ላዩ ካልቀላና መግል ካልያዘ ደህና ነው» የሚለው ነው። ጀርም ቱቦው ውስጥ ተደብቆ፣ ቆዳው ምንም ሳይመስል ወደ ደም ሊገባ ይችላል። በኬሞ ምክንያት ነጭ የደም ሴሉ ላነሰ ሰው 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት፣ ወይም የቱቦው ውስጥ በፈሳሽ እንደታጠበ የሚመጣ ብርድ ብርድ ማለት፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል የሚያስሄድ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን። ፓራሲታሞል ውጦ እስኪነጋ መጠበቅ ትኩሳቱን ይደብቃል እንጂ ጀርሙን አይገድልም።

መከላከያው ውድ መሣሪያ አይደለም። በአሜሪካ ሚቺጋን ግዛት የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች እጅ መታጠብን፣ ቆዳን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳትንና አላስፈላጊ ቱቦን ማውጣትን የመሳሰሉ አምስት ቀላል ተግባራትን ሲያጠብቁ፣ ከቱቦ የሚመጣው የደም ኢንፌክሽን እስከ 66 በመቶ መቀነሱ በ2006 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ታዲያ ነርሷን «እጅሽን ታጥበሻል?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ሊባል አይገባም። ታማሚው ይሉኝታ ከያዘው አስታማሚው ይጠይቅለት።

«ኬሞው ካለቀ ፖርቱን መርሳት ይቻላል» የሚሉም አሉ። አይቻልም፤ እንዳይደፈን፣ ሐኪሙ በአነስተኛ ቀዶ ሕክምና እስኪያወጣው ድረስ፣ ውስጡ በቀጠሮ እየታጠበ መቆየት አለበት።