ስሙ ሲያትል ቀረ፣ ቡድኑ ሄደ

ለአንኮበር ሰው «ነበረን፣ ሄደብን» ማለት አዲስ ነገር አይደለም። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው ከተማ፣ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ቀጥሎም በ1879 ዓ.ም. ወደተቆረቆረችው አዲስ አበባ ሲዞሩ፣ ቤተ መንግሥቷን አጥታ ስሟን ይዛ ቀረች። ንጉሥ ደግሞ የኪራይ ውል የለበትም። የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ክለብ ግን አለበት። ታዲያ ውል እያለ ክለብ እንዴት ይሄዳል?

በእኛ አገር ክለብ ፕሪሚየር ሊግ የሚገባው አሸንፎ ነው፣ የሚወርደውም ተሸንፎ። በኤንቢኤ መውጣትና መውረድ የለም። ባለቤቱ የሚይዘው ፍራንቻይዝ ነው፤ በሊጉ ስም በአንድ ከተማ የመጫወት መብት እንደማለት። ሊጉ ከፈቀደለት ቡድኑን ጭኖ ሌላ ከተማ ይወስደዋል። የደብረ ብርሃንን ቡድን ለመደገፍ ከአንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚመጣ ሰው፣ አንድ ቀን ጠዋት «ቡድንህ ጅማ ገብቷል» ቢባል ምን ይላል? ሲያትል ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ሲያትል ሱፐርሶኒክስ በ1967 (እ.ኤ.አ.) ተመሥርቶ በ1979 ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ነበር። በ2006 የስታርባክሱ ሀዋርድ ሹልዝና ሸሪኮቹ ለኦክላሆማው ክሌይ ቤኔት ቡድን በ350 ሚሊዮን ዶላር ሸጡት። ገዢዎቹ ለ12 ወራት በቅን ልቦና ሲያትል ላይ አዲስ አዳራሽ ለማግኘት እንደሚጥሩ ቃል ገቡ። በዚያ ላይ ከከተማዋ ጋር የነበረው የኪአሬና የኪራይ ውል እስከ 2010 ድረስ እዚያው መጫወትን ያስገድዳል።

አዳራሹ አልተገኘም። ከተማዋ በ2007 «ውሉ ይከበር» ብላ ከሰሰች። በሚያዝያ 2008 የክለብ ባለቤቶች ዝውውሩን 28 ለ 2 አጸደቁት። ሐምሌ 2 ቀን 2008 ዳኛዋ ፍርድ ሊሰጡ ሰዓታት ሲቀራቸው ከተማዋና ባለቤቶቹ ታረቁ። ከተማዋ 45 ሚሊዮን ዶላር ተቀብላ የቀሩትን ሁለት ዓመታት ግዴታ አነሳች። ስሙ፣ ዓርማውና አረንጓዴና ወርቃማ ቀለሙ ሲያትል ቀሩ። ተጫዋቾቹ፣ ወጣቱን ኬቪን ዱራንትን ጨምሮ፣ ኦክላሆማ ሲቲ ገብተው «ተንደር» ተባሉ።

ተጨማሪ 30 ሚሊዮን ዶላርም ተወስቶ ነበር። እሱ ግን የክልሉ ምክር ቤት ለአዳራሹ ገንዘብ ከፈቀደ፣ ከተማዋም በአምስት ዓመት ውስጥ ሌላ ቡድን ካላገኘች የሚል ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ምክር ቤቱ አልፈቀደም፣ ብሩም አልተከፈለም። ግዴታውን ያነሱት ወዲያው ነው፣ የሚጠብቁት ክፍያ ግን በሦስተኛ ወገን እጅ ነበር!

የእኛ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው ይላል። ሁለቱ ያቆሙትን ሁለቱ ተስማምተው ሊያነሱት ይችላሉ። ችግሩ፣ ትኬት እየቆረጠ የከረመው ደጋፊ ተዋዋይ አይደለም። «ተውኩልህ» ሲባባሉ የሚጠይቀው የለም።

ግዴታን መተው ሁልጊዜ ሽንፈት ነው ማለት ግን አይደለም። እዚያው ስታርባክስ ጋር ኢትዮጵያም ተፋጣ ነበር። በ2005 ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። ክርክሩ ጦፎ በሰኔ 2007 ስምምነት ላይ ተደረሰ። ኢትዮጵያ በስሞቹ ለመጠቀም ሮያሊቲ አላስከፈለችም፣ በምትኩ የስሞቹ ባለቤትነት እንዲታወቅላት አደረገች። ገንዘቡን ተወች፣ ስሙን ያዘች። ቡናው ደግሞ ከነአፈሩ እዚሁ ነው፣ ጭኖ የሚሄድ የለም።

ሁለቱም ስማቸውን አስቀርተዋል። ልዩነቱ ሲያትል ከስሙ ጀርባ ያለውን ነገር መልቀቋ ነው። የእኛ ክለቦችም ከስፖንሰር ወይም ከሜዳ አከራይ ጋር ተፈራርመው «ይቅር፣ እንተወው» ከማለታቸው በፊት ምን እንደሚሰጡ፣ በእጃቸው ምን እንደሚቀር፣ የተባለው ካሳም በማን ፈቃድ ላይ እንደተንጠለጠለ ይመልከቱ። ደጋፊውንም ቢያማክሩ አይጎዱም።

በሰኔ 2025 ኦክላሆማ ሲቲ ተንደር ኢንዲያናን 4 ለ 3 ረትቶ ሻምፒዮን ሆነ። ያን ምሽት ሲያትል የሶኒክስን ስምና ቀለም እንደያዘች ነበረች፣ የሚለብሰው የኤንቢኤ ቡድን ግን አልነበራትም።