አንድ ሙያ፥ ሦስት ስም፤ ስለ እንግሊዞች የሙያ ስም አመጣጥና ሥርጭት

በእንግሊዝ አገር ከሙያ የተገኙ የቤተ ሰብ ስሞች አያሌ ናቸው። ከእነዚህም መካከል «ዎከር»፥ «ፉለር»ና «ታከር» የተባሉት ለየብቻቸው ሲታዩ የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ሦስቱም ከአንድ ሙያ የወጡ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ምክንያት ማስረዳትና፥ ስም ለታሪክ ምስክር የሚሆነው እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ ማመልከት ነው።

ሙያው የሱፍ ጨርቅን አጥቦ ማጥበቅ ነው። ከሸማኔው እጅ የወጣው ጨርቅ ልልና ቅባት ያለበት ስለ ሆነ፥ በውሃ፥ በሽንትና ቅባት በሚመጥ አፈር ተነክሮ በእግር ይረገጥ ነበር። በዚህም ቅባቱ ይለቅና ድሩና ማጉ ተሳስቦ ጨርቁ ይወፍራል። በአማርኛው የማርቆስ ወንጌል 9፥3 «አጣቢ» የተባለው ባለሙያ በጥንታዊው የእንግሊዝኛ ትርጕም «ፉለር» ተብሏል።

«ፉለር» የመጣው «ፉሎ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው። «ታከር» ማንገላታት ከሚል፥ «ዎከር» ደግሞ ማንከባለልና መርገጥ ከሚል የጥንት እንግሊዝኛ ግስ ወጥተዋል። የዛሬው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን «ዎከር»ን ሲሰማ መንገደኛ ይመስለዋል። የቃላቱም አገር የተለያየ ነበር፤ በደቡብና በምሥራቅ «ፉለር»፥ በዴቮንና በሶመርሴት «ታከር»፥ በመካከለኛውና በሰሜኑ ክፍል «ዎከር» ይባል ነበር።

የእግሩን ሥራ ቀስ በቀስ በወንዝ ኀይል የሚነሣ የእንጨት መዶሻ ተካው። ቴምፕላር የተባሉት መነኮሳት ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1185 ያስጻፉት የርስት መዝገብ እንዲህ ያሉትን ወፍጮዎች ይጠቅሳል። ኤሌኖራ ካሩስ ዊልሰን የተባሉት የታሪክ ሊቅ በ1941 ይህን ለውጥ የ13ኛው መቶ ዓመት የኢንዱስትሪ አብዮት ብለውታል። እንግዲህ መርገጡ በመዶሻ ከተተካ በኋላ እንኳ የረጋጩ ስም ጸንቶ ቀረ።

ይህ የሆነው የተራው ሕዝብ ቅጽል በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዓመት ከአባት ወደ ልጅ መተላለፍ ስለ ጀመረ ነው። በ1379 የነፍስ ወከፍ ግብር መዝገብ የአንዳንዱ ሰው ስምና ሙያ ይስማማል፤ የሌላው ግን ተለያይቷል። ይህም ስሙ ከሥራው ሲላቀቅ የሚታይበት ጊዜ ነው።

ዛሬ ከሦስቱ የሚበዛው «ዎከር» ሲሆን፥ በእንግሊዝ እጅግ ከተለመዱት 20 ያህል ስሞች አንዱ ነው። በእስኮትላንድ ተመሳሳይ ትርጕም ያለው የጌሊክ ስም ወደ «ዎከር» ተለውጧል፤ በጀርመንኛም ለዚሁ ሙያ የዚሁ ዘር ቃል አለ። በአሜሪካም ከባርነት የወጡ ሰዎች ብዙ ተወላጆች ይህን ስም ይዘዋል፤ እነዚህን ከእንግሊዝ ጨርቅ ረጋጭ ጋራ የሚያገናኛቸው የግድ የደም ሐረግ አይደለም።

በእኛ አገር የአባት ስም በየትውልዱ ስለሚለዋወጥ፥ ጸንቶ የሚኖር የቤተ ሰብ ስም ሲያይ የአንድ ዘር ምልክት አድርጎ መገመት ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ስሙ በየመንደሩ ለየብቻው የተወለደ ነው። ስለዚህ የሙያ ስም በጸናበት ዘመን በዚያ አገር የተነገረውን ቋንቋና የተሠራውን ሥራ ይመሰክራል፤ የትውልድ ሐረግን ለማስረዳት ግን ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።