የታጠበ ልብስ ስለ ምን ይሻክራል?



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲሰሙት ቀላል ቢመስልም በየቤቱ ዘወትር የሚያነጋግር ነው። ይኸውም ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ድርቅ ብሎ የሚሻክረውን ልብስ በቤት ውስጥ በሚገኝ ነገር ለማለስለስ ስለሚቻልበት መንገድ ነው። ማለዳ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚቸኩል ሰው የሸሚዙ ኮሌታ አንገቱን ሲከረክረው፤ ፊቱን የሚያደርቅበትም ፎጣ እንደ ጆንያ ሲሻክርበት፤ ጥፋቱን በልብስ አጣቢዋ ላይ ይጥላል። እርስዋም በበኩልዋ ሳሙናው አነሰኝ ትላለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሳሙና ይጨመራል፤ ልብሱም ይብሱን ይደርቃል። ነገሩ እንዲህ የሚሆነው ስለ ምንድን ነው?

ልብስን የሚያሻክረው በአብዛኛው የጐደለው ነገር ሳይሆን በውስጡ የቀረው ነገር ነው። ውሃ በመሬት ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም የሚባሉትን ማዕድናት አሟሙቶ ይይዛል። በተለይም የኖራ ድንጋይ ካለበት ምድር በሚወጣው የጕድጓድ ውሃ ውስጥ እነዚህ ማዕድናት ይበዛሉ፤ የድሬዳዋ ሰዎች በማንቆርቆሪያቸው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት እያዩ ይኸንን ያውቁታል። ሳሙና ከነዚህ ማዕድናት ጋር በተገናኘ ጊዜ በውሃ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆንና በክሩ መካከል ገብቶ ይጣበቃል። የዱቄት ሳሙናም እንደዚህ ያለውን ዝቃጭ ባያበዛ እንኳ፤ ልብሱ በሚገባ ካልተለቀለቀ የራሱን ቅሪት ይተዋል። ስለዚህ ሳሙና ማብዛት በሽታውን ማባባስ እንጂ መድኃኒቱ አይደለም።

እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ ይዘው ወንዝ ወርደው በእንዶድ ሲያጥቡ ልብሱን የሚያለቀልቁት በሚፈስ ውሃ ነበር፤ ወንዙም ቅሪቱን ጠርጎ ይወስደው ነበር። በከተማ ግን፤ ይልቁንም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፤ ለቁጠባ ሲባል አንድ ሳፋ ውሃ የብዙ ልብስ ማለቅለቂያ ይሆናል። እንግዲህ የመጀመሪያው ማለስለሻ ሳሙናን በልክ አድርጎ፤ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ልብሱን ማለቅለቅ ነው።

ሁለተኛው ረዳት አቼቶ ነው። በገበያ የሚገኘው አቼቶ ከመቶ 5 ያህል አሴቲክ አሲድ ያለበት ሲሆን፤ ይህ አሲድ የሳሙናውን ቅሪት ያበርዳል፤ የኖራውንም ቅርፊት ያሟሟል። አሠራሩም እንዲህ ነው። ልብሱ ታጥቦ በሚገባ ከተለቀለቀ በኋላ፤ ለመጨረሻው ማለቅለቂያ በተዘጋጀው 20 ሊትር ውሃ ላይ 100 ሚሊ ሊትር፤ ማለት ግማሽ ብርጭቆ ያህል፤ ቀለም የሌለው ነጭ አቼቶ ይጨመራል። ልብሱን 5 ደቂቃ ያህል በዚያ ውስጥ እያገላበጡ ካቆዩ በኋላ ጨምቆ ማስጣት ነው። ሽታው ልብሱ ሲደርቅ አብሮ ይጠፋል። አቼቶን ከሳሙና ጋር በአንድ ጊዜ መጨመር ግን ሁለቱንም ማባከን ነው፤ አሲዱ ሳሙናውን ወደ ቅባትነት ይመልሰዋልና። ጥለት ያለበትም ልብስ ቀለም የሚለቅ እንደ ሆነ አስቀድሞ በጫፉ መሞከር ብልህነት ነው።

አንዳንድ ሰዎች አቼቶን ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ቀላቅለው ማለስለሻ አዘጋጀን ይላሉ። አረፋው ሲገነፍል ብርቱ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱ እርስ በርሳቸው ኃይላቸውን ይሻሻራሉ፤ የሚወጣውም አረፋ ጋዝ ብቻ ነው። ከሱቅ የሚገዛው ማለስለሻ ደግሞ የሚሠራው ክሩን በስሱ በሚያለሰልስ ነገር በመሸፈን ነው፤ ስለዚህ ፎጣ በርሱ ሲደጋገምበት ውሃ የመምጠጥ ኃይሉ ይቀንሳል።

አድማጮች ሆይ፤ ከሁሉ ይልቅ ይኸንን አደራ ልብ በሉ። አቼቶና በረኪና በማናቸውም ጊዜ ቢሆን በአንድ ሳፋ ውስጥ አይገናኙ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል፤ ይህም ዐይንን ያቃጥላል፤ ሳንባን ይጐዳል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሆነም ለሕይወት ያሰጋል። ነጭ ልብስ በበረኪና የተነከረ እንደ ሆነ፤ በዚያ ዕለት አቼቶውን መተው ይሻላል። በስሕተት የተቀላቀለ እንደ ሆነም ሁሉን ጥሎ ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት ነው። በቤታችሁ ልብስ የምታጥበው ሠራተኛም ብትሆን የቤት ልጅ ይኸንን ሳትነግሯት አቼቶውን አታስረክቧት።

የመጨረሻው ዘዴ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 የጃፓን ተመራማሪዎች የደረቀ የጥጥ ልብስ ስለ ምን እንደሚገተር ሲመረምሩ፤ በጥጡ ክሮች ገጽ ላይ የሚቀር እጅግ ጥቂት ውሃ እንደ ሙጫ ክሩን ከክር እንደሚያያይዝ አመለከቱ። ስለዚህ ልብሱን ከማስጣት በፊት በኃይል ማራገፍ፤ ከደረቀም በኋላ በእጅ ማሸት ያንን ሙጫ ያላቅቀዋል።

እንግዲህ ሳሙናን በልክ፤ ውሃን በብዛት፤ አቼቶን በጥቂቱ፤ ጥንቃቄን ግን ያለ ልክ ማድረግ ይገባል።