ከገበያ ዐረብኛ ወደ መጽሐፍ ዐረብኛ

በሳዑዲ ዐረቢያ ምሥራቃዊ ክፍል፥ በደማምና በአል ኾበር ከተሞች፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለእንጀራ ተሰደው ይኖራሉ። በጥቂት ዓመት ውስጥም ገበያ ለመውጣትና ከአሠሪ ጋር ለመግባባት የሚበቃ ዐረብኛ ያውቃሉ። ነገር ግን የሥራ ውል ወይም የሐኪም ወረቀት ሲሰጣቸው ሌላ ሰው እንዲያነብላቸው የሚለምኑ አሉ። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የአገሩ የሥራ ሕግ በሚመለከታቸው ሠራተኞች ዘንድ፥ ውል በሁለት ቋንቋ ቢጻፍ የሚጸናው የዐረብኛው ነው። እንግዲህ ከመካከለኛው ዕውቀት ወደ ፍጹሙ መድረስ ጌጥ ሳይሆን ራስን መጠበቂያ ነው።

ተማሪውን ከመንገድ የሚያስቀረው ምንድር ነው? በዚያ አገር ሕንዱ፥ ፊሊፒኖውና ኢትዮጵያዊው የሚግባቡበት ዐረብኛ የተቈረጠ ነው። «ሩሕ» የሚለው ግሥ ሳይዘረዘር ለእኔም ለአንተም ለእርሱም ይነገራል፤ «ማፊ»ም አሉታውን ሁሉ ይሸፍናል። ሰሚው ስለሚረዳ አያርምም። ስለዚህ ይህን ንግግር ሃያ ዓመት መደጋገም ፍጥነትን እንጂ ምስጢርን አይጨምርም። ቀሪውን መንገድ ተማሪው ብቻውን በመጽሐፍ ይሄደዋል።

ፊተኛው ሥራ ግሥ መዘርዘር ነው። ግእዝ የተማረ «እጽሕፍ፥ ትጽሕፍ፥ ይጽሕፍ፥ ንጽሕፍ» ይላል፤ ዐረቡም «አክቱቡ፥ ተክቱቡ፥ የክቱቡ፥ ነክቱቡ» ይላል። ሥርዐቱ አንድ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሁለተኛው ድምፅን መለየት ነው። እኛ በንግግር ያደባለቅናቸውን ሀ፥ ሐ፥ ኀ ዐረብኛ ዛሬም ይለያል፤ የእኛ ወሀበ፥ ነሐስ፥ ኀምስ በእነርሱ «ወሀበ፥ ኑሓስ፥ ኸምስ» ናቸው። ሆኖም መልክ ሲመሳሰል ትርጕም ሊርቅ ይችላል፤ በእኛ ክታብ በአንገት ይንጠለጠላል፥ በዐረብኛ ግን «ኪታብ» ማናቸውም መጽሐፍ ነው።

ሦስተኛው ዕለታዊ ንባብ ነው። በመጀመሪያ የአናባቢ ምልክት ያለበትን የሕፃናት መማሪያ፥ ቀጥሎ ምልክት የሌለበትን ከደማም የሚወጣውን ጋዜጣ «አል የውም»ን በየቀኑ ዐሥር መስመር ድምፅ እያሰሙ ማንበብ ይጠቅማል። ያልታወቀው ቃል በመዝገበ ቃላት የሚፈለገው ከሥሩ ነው፤ «መክተብ» ማለት መሥሪያ ቤት በመ ሳይሆን በከተበ ሥር ይገኛል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በኢየሩሳሌም ሳሉ ዕብራይስጥና ዐረብኛ አጥንተው ነበር፤ ከዕረፍታቸው በኋላ በ1948 ዓ.ም. የታተመው መዝገበ ቃላታቸውም ግእዙን ከእነዚህ ጋር ያነጻጽራል።

የንባቡም ጥቅም በውሉ ወረቀት ላይ ይታያል። ያለ ምልክት ሲጻፍ «የድፈዑ» ማለት ይከፍላል፥ «ዩድፈዑ» ማለት ይከፈላል፥ ፊደላቸው አንድ ነው። በእኛም «ይመታል» ጠብቆና ላልቶ ካልተነበበ መቺውና ተመቺው አይለዩም። ከፋዩን ከተከፋዩ የሚለየው ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አንብቦ ባለቤቱንና ተሳቢውን ያወቀ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ፊርማውን ዐውቆ ያኖራል።